የብሎኑ ለቅሶ

ፈረንሳይ ሰፈር ገብታችሁ «የብሎኑ ለቅሶ የማን ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የሟቿን ስም የሚነግራችሁ ሰው ጥቂት ነው። የእኔን ስም ግን ሱቅ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ይነግራችኋል። «ጌታሁን ነዋ! የዘነበች ልጅ! ያ በሪሞት መኪና የሚጫወተው መምህር!» ይሏችሁና ይስቃሉ። ሳቁ ዛሬ አያናድደኝም። ያን ቀን ግን ነገሩ የሳቅ አልነበረም፤ የእናቴ ቀብር ጉዳይ ነበር። እናቴ ደግሞ በሕይወት ነበረች።

ያኔ ሠላሳዎቹን የጀመርኩ ወንደላጤ ነኝ። ከተማው ለባቡር ተብሎ የተቆፋፈረበት፣ መብራት ሲያሻው የሚመጣበት ሲያሻው የሚጠፋበት ዘመን ነው። በአንድ የግል ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ፣ ነፍሴ ግን ያለችው ሪሞት መኪናዬ ውስጥ ነው። መጫወቻ ነው እንዳትሉኝ! በዚህ ከእናቴ ጋር ስንት ጊዜ ተጣልተናል። የልጅ መጫወቻ ሲሰበር ይጣላል፤ የእኔዋ ስትሰበር ትፈታለች፣ ትጠገናለች፣ ትገጠማለች። እንደ ትልቁ መኪና አሞርዛተር አላት፣ ዲፈረንሻል አላት፣ ጎማዋን የሚያሾር ኩሽኔታ አላት። እሁድ እሁድ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደውን ዳገት ይዤ እወጣና ባሕር ዛፉ መሃል ካለች ገላጣ ቦታ ላይ እነዳታለሁ። የእንጦጦ ድንጋይ ግን ለመኪና አይራራም፤ አንድ ነገር ሳልሰብር ተመልሼ አላውቅም።

ችግሩ መለዋወጫ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለትልቁ መኪና የፈለጋችሁትን ታገኛላችሁ፤ ለእኔዋ ግን የሚሸጥ ሱቅ የለም። ዱባይ የምትመላለስ የአክስት ልጅ አለችኝ። የምፈልገውን በሥዕል ስዬ እሰጣታለሁ፤ ግማሹን ትረሳዋለች፣ ግማሹን አሳስታ ታመጣዋለች። አንዴ የኋላ አክስል ብያት የፀጉር መተኮሻ ይዛልኝ መጥታለች። ስለዚህ አንዲት ብሎን ከእጄ ካመለጠች አልጋ ስር በደረቴ ተስቤ ሳላገኛት አልተኛም። ዕቃዬን መልክ ማስያዝ የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ላምበረት መናኸሪያ አካባቢ ከሚነግድ ሰው ትንንሽ የሻይ ብርጭቆዎች በጅምላ ገዛሁ። ብርጭቆ ጥሩነቱ ያሳያል፤ በጣሳ ካስቀመጣችሁ ምን እንዳለበት ለማወቅ ሁሉንም መክፈት ነው። ከጣውላ መደርደሪያ ሠራሁና የብሎን ማሰሪያውን ዳዶ ለብቻ፣ ቀዳዳ ያለው ሳንቲም የመሰለውን ሮንዴላ ለብቻ፣ ሞላውን ለብቻ፣ ኩሽኔታውን ለብቻ፣ ብሎኑን ደግሞ በየቁመቱ ለያይቼ ደረደርኩት። ሲያልቅብኝ ደግሞ በጊዜ እንዳውቅ በየብርጭቆው ጎን ላይ አንድ ቀይ ነጥብ አደረግሁ። ዕቃው ከነጥቡ በታች ከወረደ የአክስቴን ልጅ መለማመጥ መጀመር አለብኝ ማለት ነው። ብርጭቆ ላይ አልለቅ የሚለው የጥፍር ቀለም ነው ብለውኝ አንገቴን ደፍቼ አንድ የሴቶች ዕቃ መሸጫ ገባሁና አንድ ጠርሙስ ቀይ ገዛሁ።

እናቴ ጠርሙሱን ጠረጴዛዬ ላይ አየችው። ወጣች፤ ከዚያ ተመለሰች።

«ስሟ ማነው?» አለችኝ።

ዓይኔ ኩሽኔታ ላይ ነበር። «የማን?»

«እሺ፣ አልጫንህም። ሲደርስ አንተው ትነግረኛለህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቷ ሌላ ሆነ። የሳሎኑን መጋረጃ ቀየረች፤ ብቻዋን ስትሆን ታንጎራጉር ጀመር። ጥሩ ነገር ገጥሟት ይሆናል አልኩና ወደ ብሎኔ ተመለስኩ። እኔ እንደሆነ ከብሎን በላይ የሚጠበቅ ነገር መኖሩን የማላውቅ ሰው ነበርኩ።

የእናቴ ዓለም እድሯ ነው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ የሰፈሩ ለቅሶ ሁሉ ወጥ የሚወጣው በእሷ እጅ ነው። እኔ እድር የሽማግሌ ጉዳይ ይመስለኝ ነበር፤ መዋጮውን እሰጣታለሁ እንጂ ደጁን ረግጬ አላውቅም። «ዘመድ የለኝ፣ ሀብት የለኝ፤ ያለኝ እድሬ ነው። የሚቀብረኝ እሱ ነው» ትለኛለች፤ እኔም እሺ እላለሁ።

እንግዲህ ቅዳሜ ነው። የማጠናከሪያ ትምህርት ሰጥቼ ለምሳ ስመጣ የክፍሌ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። መደርደሪያው ባዶ ነው። አንድ ብርጭቆ የለም፣ አንድ ብሎን የለም። መኪናዬ ብቻ አንድ ጎማዋ እንደወለቀ ጠረጴዛው ላይ ቀርታለች።

«ሌባ! እማዬ፣ ሌባ ገብቷል!» ብዬ ጮህኩ።

«ሌባውማ አሁን ነው የገባው» አለኝ ከሳሎን የመጣ ድምፅ።

እናቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች።

«ምን ሆነሽ ነው? ማን ሞተ?»

«እኔ። እኔ ነኝ የሞትኩት። ቀባሪ ግን የለኝም።»

በስንት ልመና ነገረችኝ። ባለፈው ለቅሶ የወጣው የእድር ብርጭቆ ሲቆጠር ጎደለ። የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ እትዬ አሰለፈች ሴቶቹን አስከትለው ቤት ለቤት ፍለጋ ወጡ። እናቴ ዘንድ የመጡት ሊፈትሿት አልነበረም፤ አብራቸው እንድትፈልግ ሊጠሯት ነው። ነጠላዋን እስክትደርብ የእኔ ክፍል በር ገርበብ ብሎ ኖሮ አንዷ አንገቷን አስግጋ ታያለች፤ መደርደሪያ ሙሉ ብርጭቆ፣ በየብርጭቆው ላይ ቀይ ነጥብ።

«የእድራችን ዕቃ ምልክቱ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ምንድን ነው?»

«ቀይ የጥፍር ቀለም!»

ወይ ጉድ! እድር ሁሉ ዕቃው ከሰው ዕቃ እንዳይደባለቅ ምልክት እንዳለው አውቃለሁ። አንዱ አረንጓዴ ቀለም ይቀባል፣ አንዱ ፊደል ይጽፋል። የእኛው የጥፍር ቀለም እንደሚቀባ ግን ማን ነገረኝ?

«እማዬ፣ ብርጭቆው የራሴ ነው! ገዝቼው ነው! ነጥቡንም እኔው ነኝ የቀባሁት!»

«ለምን?»

«ዕቃው ማለቁን ለማወቅ።»

«ወንዱ ልጄ የጥፍር ቀለም ገዝቶ ብርጭቆ ቀባ ብዬ ለአሰለፈች ልንገራት?» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «እኔ'ኮ ሚስት ልታገባ መስሎኝ ነበር። ለሁሉም ነግሬያቸዋለሁ።»

ሌባ መባሌ ይሁን ሚስት አለማግባቴ፣ የትኛው የበለጠ እንዳሳዘናት እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ብሎኖቹንስ? እነሱንም ወሰዷቸው?» አልኳት።

«እዩት! እኔ ስለ ስሜ እነግረዋለሁ፣ እሱ ስለ ብሎን ይጠይቀኛል! ነገ የእድሩ ስብሰባ ነው። የእድር ዕቃ የሰረቀ ይሰረዛል፤ ደንቡ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት በሰው ለቅሶ ጭስ የጠጣሁት የራሴ ቀን ሲደርስ ሰው እንዲቆምልኝ ነው። አሁን ስሞት ማን ነው የሚያነሳኝ? መኪናህ ትጎትተኛለች?»

ወደ እድሩ ቤት በሩጫ ወረድኩ።

እትዬ አሰለፈች በሩ ላይ ቆመዋል። ሰፊ ሴት ናቸው፤ እሳቸው በር ላይ ከቆሙ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ከኋላቸው ሁለት ሴቶች ብርጭቆ ያጥባሉ። ብርጭቆዎቼን! የታጠበው ከእድሩ ብርጭቆ ጋር እየተደባለቀ ሳጥን ውስጥ ይገባል።

«እትዬ አሰለፈች፣ ውስጡ የነበረውስ?»

«ኮተቱን ነው? ያውልህ።»

ጥግ ላይ አንድ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሳፋ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ገለጥኩት። በጠላታችሁም አይድረስ! ዳዶው፣ ሮንዴላው፣ ሞላው፣ ኩሽኔታው፣ በየቁመቱ የለየሁት ብሎን፣ ሁሉም ባንድ ላይ ተደፍቷል። ስንት ወር የደከምኩበት ነው። እንባዬ መጣ፤ አልዋሻችሁም።

«አሁን ታለቅሳለህ? ስትሰርቅ ነበር ማልቀስ» አሉኝ።

«አልሰረቅሁም! ከላምበረት ነው የገዛሁት!»

«ቀዩስ ነጥብ? እሱም ከላምበረት ነው?»

«እሱን እኔ ነኝ የቀባሁት።»

«በምን?»

«በ… በጥፍር ቀለም።»

ሴቶቹ ማጠባቸውን አቆሙ። አንደኛዋ ቀስ ብላ ጥፍሬን አየች።

«ዘነበች ምራት ላስገባ ነው ብላ እልል ያስባለችን በዚህ ነው?» አሉ እትዬ አሰለፈች። «በል ሂድ። ሳፋውም ብርጭቆውም ነገ የእድሩ ዳኛ ፊት ይቀርባል።»

ልመልስላቸው አፌን ስከፍት ከላይ ከዳገቱ ጡሩምባ ተነፋ። ጡሩምባ ነፊው የሟቿን ስም ጠራ። ኪዳነ ምሕረት መውጫ ላይ ያሉት እማማ ትርንጎ አርፈዋል፤ ቀብሩም ዛሬውኑ ነው። ዕድሜያቸውን ጠግበው፣ አልጋ ላይም ከርመው ስለነበር ያልተጠበቀ አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተፈራ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው ደረሱ። እኔና እትዬ አሰለፈች እኩል መናገር ጀመርን።

«በቃ!» አሉ ጋሽ ተፈራ። «ክርክራችሁ ለነገ ይቆይ። እማማ ትርንጎ ለነገ አይቆዩም። አንተ፣ የድንኳኑን ምሰሶ አንሳ።»

አነሳሁ። ሌባ ተብሎ የተከሰሰ ሰው የድንኳን ምሰሶ ተሸክሞ ያን ዳገት ሲወጣ ምን እንደሚሰማው ልነግራችሁ አልችልም። ኋላዬ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ወንበሩንም፣ ሳጥኑንም፣ ሳፋውንም፣ እጁ የገባውን ሁሉ እያነሳ ይከተላል። ማን ምን እንዳነሳ ያየ ሰው አልነበረም፤ ለኋላው ጣጣ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ከቀብር ስንመለስ እናቴ እንደ ልማዷ ወደ ጓሮ፣ ሴቶቹ ወጥ ወደሚሠሩበት ዳስ አመራች። እትዬ አሰለፈች መንገዱን ዘጉባት።

«ዘነበች፣ አንቺ ዛሬ ከእንግዶቹ ጋር ተቀመጪ» አሏት በትሕትና።

ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ተመልሳ መጥታ ድንኳኑ ጥግ ላይ ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች፣ መልሳ አነሳቻቸው፣ ነጠላዋ ውስጥ ከተተቻቸው፤ የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት። የእናቴን እጅ ሥራ ፈትቶ አይቼው አላውቅም ነበር። ብሎኖቼን የረሳኋቸው ያን ጊዜ ነው። ይቺ ሴትዮ ከዚህ ከተሰረዘች ሞቷን አትጠብቅም፣ በቁሟ ነው የምትሞተው አልኩ በልቤ።

መሸትሸት ሲል መብራት ጠፋ። ምሰሶው ላይ አንድ ፋኖስ ተሰቀለ። ንፍሮ በየሳህኑ መጣና ለየረድፉ ታደለ፣ ሻይም ተከተለ። ሰው በዝቶ ብርጭቆ ስላነሰ አቅራቢያ ቤት ያላቸው ከየቤታቸው እያመጡ አሟሉ። ጋሽ ተፈራ ተነሱ። በግራ እጃቸው ከዘራ፣ በቀኛቸው አንድ ጭብጥ ንፍሮ ይዘዋል።

«ወገኖቼ» አሉ፣ «እማማ ትርንጎ ጠንካራ ሰው ነበሩ። ጥርሳቸው እስከ መጨረሻው ብረት ነበር!» ንፍሯቸውን ወደ አፋቸው ጣል አደረጉ።

ቀጭ!

ድንኳኑ ሁሉ ሰማው። ጋሽ ተፈራ ጉንጫቸውን ወዲህ ወዲያ አገላበጡ። «ይሄ ንፍሮ አልበሰለም» አሉ በመጨረሻ።

«ኧረ የእኔም!» አለ አንዱ ከጥግ።

«የእኔማ ቀዳዳ አለው!» አለች ሌላዋ።

ጋሽ ተፈራ መዳፋቸው ላይ ተፉትና ወደ ፋኖሱ ጠጋ አደረጉት። አብለጨለጨ። እኔ በሩቁ አወቅሁት፤ ከወንበሬ ስነሳ ከፊቴ በነበረው ሰው ላይ ሻይ ደፋሁ።

«ጋሽ ተፈራ! እንዳይውጡት! የፊት ጎማ ኩሽኔታ ነው፣ አንድ ብቻ ነው ያለኝ!»

ቀድማ የጀመረችው የሟቿ ልጅ ናት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነችና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ሐዘኗ የተቀሰቀሰ መስሏቸው «ወይኔ እናቴ!» ብለው አብረው አለቀሱ። ነጠላው ሲገለጥ ግን በሳቅ ዓይኗ ጠፍቷል። ከዚያ በኋላ ማን ይቆም! ድንኳኑ ሙሉ ሰው በሳቅ ተንከተከተ፤ አንዳንዱ ሳቁን ሲውጥ ከንፍሮው ጋር ምን እንደዋጠ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ አረንጓዴ ሳፋዬ ከእድሩ ዕቃ ጋር አብሮ ወጥቶ ጓሮ ተቀምጧል። ለቅሶ ቤት ንፍሮ የሚቀመጠውም በሳፋ፣ የሚሸፈነውም በነጭ ጨርቅ ነው። አንዷ ጎረቤት በድስት ያመጣችውን ትኩስ ንፍሮ በጨለማ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ሌላው ንፍሮ ላይ የገለበጠች መስሏት እላዩ ላይ ገለበጠችው። የሚያድለውም ሰው በጨለማ ከላይ እየዛቀ አደለ።

«ውሃ ስጡኝ» አሉ ጋሽ ተፈራ፤ እሳቸው ብቻ አልሳቁም። በብርጭቆ ተሰጣቸው፤ ተጉመጥምጠው ተፉ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው የቀረችውን ጠብታ ሊያራግፉ ብርጭቆውን ገለበጡት። እንደገለበጡት ቀሩ።

«አሰለፈች!»

«አቤት ጋሼ!»

«ይሄ ብርጭቆ የማነው?»

«የእድር ነዋ። ነጥቡ ያውልዎት።»

«የት ነው ነጥቡ?»

«ጎኑ ላይ ነዋ።»

«የእድራችን ብርጭቆ ነጥቡ የት ነው?»

«ቂጡ ላይ» አሉ እትዬ አሰለፈች ቀስ ብለው።

«ቂጡ ላይ!» አሉ ጋሽ ተፈራ፣ ከዘራቸውን መሬት መትተው። «ብርጭቆው የተገዛ ዕለት ቀለሙን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ የቀባችው ዘነበች ናት። የሰው አፍ በሚነካው በኩል ቀለም አልቀባም፣ ሲታጠብም ተደፍቶ ስለሚደርቅ ቂጡ ላይ ይታያል ያለችው እሷ ናት። ሁላችሁም ጠጡና ገልብጡ!»

ልብ አድርጉ፣ ለቅሶ ቤት ነን። ያ ሁሉ ሐዘንተኛ ሻዩን ጭልጥ አድርጎ ብርጭቆውን እየገለበጠ ወደ ፋኖሱ ያነሳ ጀመር።

«የእኔ ቂጡ ላይ ነው!»

«የእኔ ጎኑ ላይ!»

«ጎኑ ላይ ያለው ለመምህሩ፣ ቂጡ ላይ ያለው ለእድሩ!» እያሉ ጋሽ ተፈራ በሁለት ሳጥን ያስከትታሉ። የእኔ ሳጥን ሲሞላ እናቴን ቀና ብዬ አየኋት። ነጠላዋ ከፊቷ ላይ ወርዷል።

መሃል ላይ አንዱ ጎረምሳ «ይሄኛውስ?» አለ፤ «ይሄ'ኮ ከሳጥኑ የወጣ አይደለም፣ ከእትዬ አሰለፈች ቤት ያመጣሁት ነው። ግን ቂጡ ላይ ቀይ አለው!»

ሰው ሁሉ ዞሮ እትዬ አሰለፈችን አየ። «ምናልባት… ተደባልቆ…» አሉ። ሌላው ግን ለመሳቅ ጊዜ አልነበረውም፤ ከየቤቱ የመጣው ብርጭቆ ሁሉ መገልበጥ ጀመረ። ከባለሱቁ ቤት የመጣው ቀይ። ከሟቿ ጎረቤት ቤት የመጣው ቀይ። ለካ የእድሩ ብርጭቆ አልጠፋም፤ ከየለቅሶው አንድ አንድ እያለ ሄዶ በሁላችንም ቤት ቁጭ ብሏል! በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ የጠጡበትን ይዘው «ይሄ ከእርስዎ ቤት ነው የመጣልኝ» ብለው ለጋሽ ተፈራ ሰጧቸው። ጋሽ ተፈራ ገለበጡት። ቀይ ነው። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄማ…» አሉ፣ «ማታ ማታ ጥርሴን የማስቀምጥበት ነው።»

የጠጡበት ሽማግሌ አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ።

ይቅርታ የሚለውን ቃል ከእትዬ አሰለፈች አፍ የሰማ ሰው በሰፈራችን የለም፤ ያን ዕለትም አልተሰማም። ወደ ጓሮ ገብተው ሰፌድ ይዘው ተመለሱና እናቴ ፊት ቆሙ።

«ዘነበች፣ ምን ትቀመጫለሽ? ነይ እንጂ ልቀሚ። ዓይንሽ ከእኔ ይሻላል።»

እናቴ ተነሳች። ነጠላዋን አጣፋች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ሰፌዱን ጭኗ ላይ አደረገች። ሳፋው መጣ። ሌሎቹም ሴቶች ሰፌድ ሰፌዳቸውን ይዘው ከበቧት። እናንተዬ፣ እኔ ብሎን በመለየት የምኮራ ሰው ነበርኩ! ምስር ሲለቅሙ የኖሩ እጆች ያን ቅልቅል ሲያበጥሩት፣ ሲያንገዋልሉት፣ በጣት ሲለቅሙት ብታዩ! ንፍሮው ወዲያ፣ ብረቱ ወዲህ። ለእኔ አንድ ወር የሚፈጅብኝን ፋኖሱ ጋዙን ሳይጨርስ ጨረሱት። ስሙን ስለማያውቁት የራሳቸውን ስም አወጡለት። ደቃቁ ብሎን «ጤፍ» ተባለ፣ ሮንዴላው «ምስር»፣ ዳዶው «ሽምብራ»፣ ትልቁ ኩሽኔታ «ባቄላ»።

«ይሄኛው ጤፍ ነው ወይስ ዳጉሳ?» ትላለች አንዷ።

«ዳጉሳ ነው፣ ወፈር ይላል» ትላለች እናቴ፤ እኔን የሚጠይቀኝ ሰው የለም።

ከዳገቱ ስንወርድ የተለቀመውን ብሎን በየብርጭቆው የያዘውን ሳጥኔን ተሸክሜ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ፣ እናቴ ትከተለኛለች። ዞር ብዬ ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ የእድሩን ነጥብ የቀባሽው አንቺ ነሽ።»

«አዎ።»

«ቂጡ ላይ መሆኑን ከማንም በፊት የምታውቂው አንቺ ነሽ። ታዲያ ገና ሲገቡ አንዱን አንስተሽ ገልበጥ ብታደርጊው ኖሮ ያን ጊዜ ያልቅ አልነበረም?»

መንገዱን እያየች ጥቂት እርምጃ ወረደች።

«ፈራሁ» አለችኝ። «ባይኖርበት ጥሩ። ቂጡም ላይ ቢኖርስ? ልጄ ሌባ መሆኑን በገዛ እጄ ገልብጬ ልይ? ያን ከማየት ተሰርዤ ብቀር ይሻለኛል አልኩ።»

ሳጥኑን መሬት አስቀምጬ አቀፍኳት። መንገድ ላይ ነን፣ ሰው ያየናል፤ እሷ ግን «ተው፣ ብሎንህ ይደፋል» አለችኝ።

በማግስቱ ስብሰባው ላይ ማንም ማንን የሚከስበት አንደበት አልነበረውም። ጋሽ ተፈራ የጥርሳቸውን ብርጭቆ በጋዜጣ ጠቅልለው አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ ሌላውም እየተነሳ በየኪሱና በየዘንቢሉ የያዘውን አወጣ። እትዬ አሰለፈች በገዛ ፈቃዳቸው ኃላፊነቱን ለቀቁና «ለዚህ ለብሎን ለቃሚ ስጡት፣ መደርደር ይወዳል» አሉ። ሰው ሁሉ እጁን አወጣ። እኔ ፊዚክስ አስተማሪው፣ የእድርን ደጅ ረግጦ የማያውቀው፣ ዕቃ ቤት ኃላፊ ሆኜ ወጣሁ።

ሕይወቴን የለወጠው እንግዲህ ይሄ ነው። ለብርጭቆው ባለ ክፍል ሳጥን ሠራሁለት፣ ለድስቱ መስቀያ፣ ለድንኳኑ ገመድ መጠምጠሚያ። እየሠራሁ ሰፈሬን አወቅሁ። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ የማን በር ሳይንኳኳ እንደሚሰነብት ያወቅሁት ብርጭቆ እየመለስኩ ነው። ከዚያ በፊት ጎረቤቶቼ መኪናዬ የምትጋጭባቸው እግሮች ነበሩ። በኋላም አገባሁ፤ ሚስቴ ጥፍር አትቀባም፣ እናቴ ግን ምንም አላለችም። የመኪናዬ መለዋወጫ ዛሬም መደርደሪያው ላይ አለ። በየብርጭቆው ላይ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ምስር፣ ሽምብራ የሚል ተለጥፏል፤ የአክስቴ ልጅ እንኳ አሁን «ምን ላምጣልህ?» ስትለኝ «ሽምብራ አልቆብኛል» እላታለሁ።

ባለፈው ዓመት ጡሩምባው ለእኛ ቤት ተነፋ።

የሠራሁት ሳጥን፣ የጠመጠምኩት ገመድ፣ ሁሉም ወደ እኛ ደጅ መጣ፤ ያን ቀን ግን እንዳልነካው ተከለከልኩ። ሰፈሩ ሁሉ ቆመላት። እናቴን አንስተው፣ ያን ዳገት በትከሻቸው እየተቀባበሉ ኪዳነ ምሕረት አደረሷት። ወጡን ያወጡት እትዬ አሰለፈች ናቸው፤ በዚያ ዕድሜያቸው ማንንም ወደ ድስቱ አላስጠጉም። ከቀብር ስንመለስ ሻይ ይዘውልኝ መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። ጠጣሁና እጄ ራሱ ገለበጠው። ቀይዋ ነጥብ ደብዝዛለች፣ ግን አለች። ገና ብርጭቆው አዲስ ሳለ እናቴ የነካቻት ናት።

«ምነው፣ ጎደለ እንዴ?» አሉኝ እትዬ አሰለፈች፤ በእንባዬ ላይ ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ፣ መልሰው አለቀሱ። «ነጥቧ ለቃለች፤ አድሳት እንጂ» አሉኝ። እስካሁን አላደስኳትም።

እናንተ ግን ይሄን ካነበባችሁ በኋላ እስቲ ተነሱና ቁም ሳጥናችሁ ውስጥ ያለውን የሻይ ብርጭቆ ገልብጡት። በፈረንሳይ በኩል አልፋችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ አንድ ቀን እኛ ሰፈር ለቅሶ ደርሳችሁ ከሆነ፣ አይታወቅም። ቂጡ ላይ ቀይ ነጥብ ካገኛችሁ ማንም አይቆጣችሁም፣ መልሱልን ብቻ። የእናቴ እጅ ነው።